ልጃችን የትምህርት ቤቱን ባንድ ልትቀላቀል ነው፤ ክረምቱን በምን እናሳልፍ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጃችን የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተናዋን ጨርሳለች፤ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። አዲሱ ትምህርት ቤቷ የትንፋሽ መሣሪያዎችና ጥቂት ቫዮሊኖች ያሉት የተማሪዎች ባንድ ስላለው፣ የምትፈልገውን መሣሪያ በምዝገባ ቅጹ ላይ እንድንሞላ ጠይቆናል። እሷ ከትራምፔት ሌላ አልፈልግም ትላለች፤ አባቷ ደግሞ ለሴት ልጅ ቫዮሊን ይሻላል ባይ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ኖታ አይታ ስለማታውቅ ከጓደኞቿ ኋላ እንዳትቀር ነው። መሣሪያውን ከወዲሁ ብንገዛላት ይሻላል? ልምምዱስ ትምህርቷን አይሻማባትም?
እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መሣሪያውን አሁን አይግዙ። የባንድ አስተማሪ የልጆቹን ከንፈር፣ ጣትና ክንድ አይቶ፣ ትራምፔት የመረጡት ከበዙም ከፊሎቹን ወደ ሌላ መሣሪያ አዛውሮ ባንዱን ስለሚያመጣጥን፣ በሐምሌ በቅጽ ላይ የተሞላው ምርጫ በጥቅምት ላይጸና ይችላል። በዚያ ላይ በርካሽ የተገዛ ትራምፔት ቫልቩ (በጣት የሚጫኑት ቁልፍ) እየተያዘ ሲያስቸግር፣ ጀማሪዋ ልጅ ጉድለቱን የመሣሪያው ሳይሆን የራሷ አድርጋ ትወስደዋለች። ቅጹ ላይ ትራምፔትን በአንደኛነት፣ ሌላ አንድ መሣሪያ ደግሞ በሁለተኛነት ጽፈው፣ ትምህርት ቤቱ መሣሪያ ያውስ እንደሆነና ልጆች ወደ ቤት ይዘውት መሄድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። ወደ ቤት የማይወሰድ ከሆነ የመግዛቱ ጉዳይ ያኔ ይነሳል።

የአባቷን ሐሳብ በተመለከተ፣ ትራምፔት የሚጠይቀው ከንፈርና ትንፋሽ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት መሆን ለውጥ አያመጣም። የፊት ጥርሶቿ በቋሚዎቹ ከተተኩ (በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ተተክተዋል) ከንፈሯን ገጥማ በመሐሉ አየር ስታሳልፍ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ ይሞክሩት። ከተቻለም ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን የመሣሪያውን አፍ) ብቻ ተውሳ ብትነፋበት ይበልጥ ይታወቃል። ለፍሉት የሚሆነው ፈተና ደግሞ ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ነው፤ በአፉ ላይ አግድም ስትነፋ ጥርት ያለ ድምፅ ቶሎ ካገኘች ለፍሉት ተስፋ አላት። ክላርኔት ቀዳዳዎቹን በጣት ጫፍ ሙሉ በሙሉ መድፈንን ይፈልጋል፤ በጥቂቱ እንኳ አየር ካመለጠ ያንቋርራል፤ ስለዚህ ጣቷ በጣም ቀጭን ከሆነ አንድ ዓመት መቆየት አይጎዳትም። ትሮምቦን ቱቦውን በመሳብና በመግፋት የሚያዙ ሰባት የክንድ አቋቋሞች አሉት፤ የመጨረሻው ለትንሽ ክንድ ይርቃል። ቫዮሊን ከተመረጠ ደግሞ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ ከአንገቷ ሥር እስከ መዳፏ መካከል ይለኩ፤ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ከሆነ ሙሉው መጠን ይሆናታል፤ 56 ገደማ ከሆነ ሦስት አራተኛ የሚባለውን መያዝ አለባት። “ታድግበታለች” ተብሎ ትልቅ ጫማ እንደሚገዛ ትልቅ ቫዮሊን መግዛት ግን የግራ እጇን አያያዝ ያበላሽባታል፤ የተበላሸ አያያዝን ማቃናት ደግሞ ከአዲስ ከመጀመር ይከብዳል።

ክረምቱ መዋል ያለበት በጆሮና በምት ላይ ነው። ለጀማሪ ባንድ የሚያስቸግረው ኖታ የማያነብ ልጅ ሳይሆን ምት የማይጠብቅ ልጅ ነው፤ ኖታውን አስተማሪው ከባዶ ያስጀምራቸዋል። ስልክ ላይ ሜትሮኖም (እኩል ምት እየመታ የሚያሰማ መተግበሪያ) ጭነው በደቂቃ 60 ምት ያድርጉትና ልጅቷ በእግሯ ምቱን እየረገጠች በእጇ አንዴ በእያንዳንዱ ምት፣ አንዴ በየሁለት ምቱ፣ አንዴም በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታጨብጭብ። ይህ ሲለምድላት ባለሁለት፣ ባለአንድና ባለግማሽ ምት የኖታ ምልክቶችን ብታሳዩዋት ቀድሞ የምታውቀውን ነገር በወረቀት ማየት ብቻ ይሆንባታል። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል ከሆነች፣ ከበሮ ሲመታ ዜማውን ሳትለቅ ማጨብጨብ የለመደች ስለሆነች ግማሹን መንገድ ሄዳለች።

ቤት ውስጥ ክራር ካለ ደግሞ ከማንኛውም የውጭ መሣሪያ የተሻለ መነሻ ነው። በትዝታ ቅኝት ተቃኝቶ የሰማችውን አጭር ዜማ ፈልጋ እንድታገኝ ይተዋት፤ ስትሳሳት አያርሟት፤ ስህተቱን በጆሮዋ ለይታ ወደ ትክክለኛው ክር መመለሷ ነው የሚፈለገው። ሽለላን በሳክስፎን በመጫወት የሚታወቀው ጌታቸው መኩሪያም የጀመረው በክራርና በመሰንቆ ነበር፤ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ ሲቀላቀልም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። መሰንቆ ያየ ልጅም ቫዮሊን ሲይዝ የደጋኑ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ፤ ብዙ ወላጆች ልጃቸው የተሳሳተ የሚመስላቸው በዚህ ነው። ትራምፔትና ክላርኔት አብዛኛውን ጊዜ በሲ ፍላት (B♭) የተቃኙ ናቸው፤ ልጅቷ ኖታ ላይ “ዶ” ብላ የምትነፋው በኪቦርድ ሲፈለግ “ሲ ፍላት” ሆኖ ይገኛል፤ ማለትም በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በስልክዎ ላይ ካለው ፒያኖ ጋር አስተያይተው “አልገጠመም” አይበሏት። ጠዋት በብርድ የትንፋሽ መሣሪያ ሁሉ ድምፁ ወደ ታች ስለሚወርድም፣ መቃኘት ያለበት ጥቂት ደቂቃ ከተነፋና ከሞቀ በኋላ ነው።

ስለ ትምህርቷ የሚሰጉት ልምምዱ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሆናል ብለው ከሆነ፣ እንዲያ መሆንም የለበትም። የጀማሪ ከንፈር ቶሎ ስለሚደክም በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ከሳምንት አንድ ቀን ረጅም ልምምድ በእጅጉ ይሻላል፤ ሃያ ደቂቃ ደግሞ የቤት ሥራዋን አይሻማም። ከትምህርት ቤት መልስ፣ መክሰስ ከበላች በኋላ ያለው ሰዓት ይመቻል። በጎረቤት በኩል፣ ለትራምፔትም ለቫዮሊንም ድምፅ የሚያፍን ማፈኛ ይሸጣል፤ ከዚያ በፊት ግን ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች አነጋግረው ሰዓቱን ቢያሳውቋቸው ቅሬታው ይቀንሳል። ብሎኩ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ለቅሶ ካለና ድንኳን ከተተከለ መሣሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ በእነዚያ ቀናት ኖታ ታንብብ፣ በጭብጨባ ሳይሆን በጣቷ ጠረጴዛ እየነካካች ምት ትቁጠር።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ለልጄ አሮጌ የእንጨት ክላርኔት ልኳል። ለዓመታት በሣጥን ውስጥ የቆየ ነው። እንዲሁ ይጀምርበት?
አባት፣ ከሰበታ

መልስ፦ መጀመሪያ የላይኛውን ክፍል በብርሃን አገላብጠው ስንጥቅ ይፈልጉ። ስንጥቅ ከሌለ ቁልፎቹ ሥር ያሉትን ለስላሳ መሸፈኛዎችና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ቡሽ ይመልከቱ፤ ለዓመታት የተቀመጠ መሣሪያ ላይ እነዚህ ደርቀው ስለሚቀነጣጠቡ ሳይቀየሩ ጥሩ ድምፅ አይገኝም። ሪዱን (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን ቀጭን የሸምበቆ ልጥ) ይጣሉትና በአዲስ ይተኩ፤ ለጀማሪ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ቁጥር ይበቃል። ማውዝፒሱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፤ የፈላ ውሃ ቀለሙን ያበላሸዋል። እንጨት ለብዙ ጊዜ ሳይነፋ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ እርጥበት ሲያገኝ ስለሚሰነጠቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አይነፋበት፤ ከጨረሰም በኋላ ውስጡን በጨርቅ ያድርቀው፤ በበጋው ደረቅ አየርም ከመስኮት አጠገብ አይተወው። ጥገናው ውድ ሆኖ ካገኙት ለጀማሪ የሚመረጠው የፕላስቲክ ክላርኔት ነው፤ ብርድም ድርቀትም አይሰነጥቀውም፤ የዘመድዎን ስጦታም ልጁ እስኪጠነክር ድረስ ማቆየት ይችላሉ።