ለኮሮላዬ ባለ 17 ቸርኬ ላስገባላት?

ጥያቄ፦ የኮሮላዬ ጎማ 195/65 አር 15 ነው። ባለ 17 ቸርኬ ባስገባላት ችግር አለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለ17 ኢንች ቸርኬ የሚመጣጠነው 225/45 ጎማ ነው (225 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር፣ 45 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶኛ)። የድሮውም የአዲሱም ጎማ ሙሉ ቁመት 634 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያህ አይዛባም። ችግሩ ሌላ ነው። የጎማው ጎን ከ127 ወደ 101 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ መኪናዋ መሬት ቆንጠጥ ታደርጋለች፣ ደስ ይላል፣ የሰፈር ኮብልስቶን ውስጥ ስትገባ ግን የጉድጓዱን ምት የሚቀበለው ቸርኬው ነው። መሪ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝም ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎ ሊነካ ይችላል። እኔን ከጠየቅከኝ 205/55 አር 16 ይበቃሃል፤ ቁመቱ 632 ነው። ከመክፈልህ በፊት የቡሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና ርቀት፣ የመሃሉንም ቀዳዳ ከድሮው ቸርኬ ጋር አስለካ። «ትንሽ ገፋ ሲደረግ ይገባል» ካሉህ ተወው።