ሸላሚ ይወደሳል፤ አንባቢስ?

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ወግሽን በዚህ መጽሔትም በቴሌግራምም ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ሰሞኑን «በወር 100 ብር እየከፈላችሁ ደግፉኝ» ስትይ አይቼ ቅር አለኝ። አንባቢን ገንዘብ መጠየቅ ልመና አይመስልም ወይ? ስፖንሰር ለምን አትፈልጊም? መጽሐፍ አሳትመሽስ ብትሸጪ?
(ጡረተኛ መምህር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅር ብሎዎት ዝም አለማለትዎን ወደድኩት።

ከስፖንሰሩ ልጀምር። አንድ ድርጅት «እንደግፍሽ» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ጠባቂዎች የጻፍኩትን አንስተው «እንዲህ ያለውን ለስለስ ብታደርጊው» አሉኝ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ገንዘቡ የእነሱ ነው፤ ስማቸው ደስ ከሚል ነገር ጋር ብቻ እንዲነሳ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ያንን ጽሑፍ ማለስለስ አልችልም። ያወሩኝ እናቶች ከ10 ዓመት በላይ እየቆጠቡ የጠበቁ ናቸው።

መጽሐፍም አሳትሜያለሁ። ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። የኅትመት ዋጋም አብሮ ወጣ። ጸሐፊው አስቀድሞ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፤ አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል። መጽሐፉ ገና ሳይሸጥ ደግሞ በፒዲኤፍ ተቀድቶ በየስልኩ ይዞራል።

አሁን ወደ ልመናው። እርስዎ የጎንደር ሰው ነዎት፤ ስለ አዝማሪ እኔ አልነግርዎትም። አዝማሪ ሲጫወት አድማጩ ይሸልማል፣ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህንን ልመና የሚለው የለም፤ ሰውየው ሥራውን ሠርቷል። እኔም የጠየቅኩት ከዚህ የተለየ አይደለም። የምፈራው ሌላውን ጎኑን ነው። ሸላሚ ይወደሳል፤ ስሙ ይጠራል፣ ጀግንነቱ ይነገራል። ጸሐፊን አንድ ባለገንዘብ ብቻ ሲያኖረውም የሚመጣው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ሲያዋጣ ግን ማንንም የማወደስ ግዴታ የለብኝም። አንዱ ተናዶ ቢያቋርጥ የሚጎድለኝ 100 ብር ነው። ያንን እችለዋለሁ። በየወሩ ማለት ይቻላል እየጻፈ የሚከራከረኝ፣ ግን ክፍያውን አንድም ቀን አስተጓጉሎ የማያውቅ አንባቢ አለኝ። እንደ እሱ ያሉት እንዲበዙልኝ ነው የምፈልገው። ሳይስማሙም የሚከፍሉ።

ብሩ የት እንደሚገባም ማወቅ መብትዎ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኞችን ወግ የጻፍኩት በዚሁ ገንዘብ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስላት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወርክሾፑ ውስጥ ያረጁ አባቶች ዛሬም የመሣሪያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ነው የሚጠሩልኝ። አንዳንዱ ነገር ትዝ የሚላቸው ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ወሬው ከተሟሟቀ በኋላ ነው። ይህ በስልክ አይገኝም። የአውቶቡስ አለ፣ የአልጋ አለ፣ ከሁሉም በላይ ለሌላ ሥራ ሳይጠሩኝ ቁጭ ብዬ የማዳምጥባቸው ቀናት አሉ። ጽሑፌን የምታርምልኝ ልጅም ይከፈላታል። ድሮ በነፃ ነበር የምትሠራልኝ፤ ያ ደግሞ ልክ አልነበረም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሳላፍር ልጠይቅዎት፦ ይመዝገቡ። በወር ሁለት ወግ ይደርስዎታል። የጡረታው ገንዘብ የሚያብቃቃ ካልሆነ ግን አንድ ብር እንዳይልኩ። አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ፣ በነፃ አስገባዎታለሁ። ለተማሪም፣ ሥራ ላጣም እንደዚሁ ነው፤ ማስረጃ አልጠይቅም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በካርድ ልክፈልሽ ብል መንገዱ ጠፋኝ። ጸሐፊዎች ለተመዝጋቢ በክፍያ የሚጽፉበት ሰብስታክ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ እሱ ላይ ለምን አትገቢም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰብስታክ አንባቢ ከሚከፍለው 10 በመቶ ይወስዳል፤ እሱስ ግድ የለም። ችግሩ ክፍያው የሚያልፈው ስትራይፕ በሚባል የካርድ ክፍያ አስተላላፊ ድርጅት መሆኑ ነው። ስትራይፕ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው አካውንት አይከፍትም። «ውጭ ባለ ዘመድ ስም ክፈቺ» ያሉኝ አሉ። የእኔ ገቢ በሌላ ሰው ስም፣ ግብሩም በሌላ ሰው ትከሻ እንዲሆን አልፈልግም። ለጊዜው የሚያዋጣው እዚህ ያለ ቤተሰብሽ የዓመቱን 1,000 ብር በቴሌብር ቢከፍልልሽ ነው። ክፍያው ላይ ያንቺን የቴሌግራም ስም እንዲጽፉ ንገሪያቸው። ያለ ስም የገቡ ክፍያዎች አሉኝና፣ ከፍላችሁ ወጉ ያልደረሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ደረሰኙን ላኩልኝ።