«የዘር ነው?» «ይጋባል?»፦ ስለ ቆዳ የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ ወገኖች? ስለ ቆዳ የላካችሁት ጥያቄ በጣም ስለበዛ ዛሬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ በራሴ አማርኛ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ስም አልጠራም፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ልጅ ናት። እህቷ ፊቷ ጥርት ያለ ነው፣ እሷን ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ብጉር አልለቀቃትም። በቀን አራቴ በሳሙና ትታጠባለች፣ «ከዚህ በላይ ምን ልፅዳ?» ትላለች።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፣ አራቴ መታጠቡን ዛሬውኑ ተይው፣ ፊትሽን እያደረቀና እያስቆጣ ነው። ብጉር ውስጥ እጁ ያለበት ባክቴሪያ (ኪዩቲባክቴሪየም አክነስ ይባላል) እህትሽ ፊት ላይም አለ፣ እኔም ፊት ላይ አለ፣ ከቆዳችን ቅባት እየበላ ከሁላችንም ጋር ነው የሚኖረው። የሚለየን ቅባት የሚያመነጩት እጢዎች ለሆርሞን ምን ያህል ቶሎ እንደሚነቁ፣ ቀዳዳው እንዴት እንደሚደፈንና ሰውነታችን ለባክቴሪያው ምን ያህል እንደሚቆጣ ነው፣ ይሄ ደግሞ አብዛኛው ከዘር ይመጣል። እንግሊዝ አገር መንትዮች ላይ በተሰራ ጥናት በሰውና በሰው መካከል ካለው የብጉር ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ በጂን የሚገለፅ ሆኖ ተገኝቷል። እህትማማች ብትሆኑም ከእናትና ከአባታችሁ የደረሳችሁ ድርሻ አንድ አይደለም። ጠዋትና ማታ ብቻ ለስላሳ ሳሙና፣ ማታ ማታ ከፋርማሲ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ሁለት ወር ታገሺው። ግን እባክሽ፣ ምን እንዳለባት የማይታወቅ፣ ተቀላቅላ በትንሽ ብልቃጥ የምትሸጠውን «ፊት የምታጠራ» ክሬም አትንኪ። እንዲህ ያሉት ላይ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ፣ ሁለት ሳምንት ታሳምርሽና ቆዳሽን ስስ አድርጋ ብጉሩን አብዝታ ትመልስልሻለች። ጠባሳ እየተወ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ደረቱና ጀርባው ላይ ቋቁቻ ወጥቶበታል፣ የጂም ጓደኛዬን ፎጣ ስለተጠቀምኩ ነው ወይ ይላል።

መልስ፦ ጓደኛህን ይቅርታ ጠይቀው። ቋቁቻ የሚያመጣው ፈንገስ ሁላችንም ቆዳ ላይ ያለ ነው፣ ሙቀትና ላብ ሲመቸው ይበዛል፤ የፀረ ፈንገስ ሻምፖ ወይ ክሬም ያጠፋዋል፣ የቆዳህ ቀለም ግን እስኪመለስ ወራት ስለሚፈጅ «መድኃኒቱ አልሰራም» ብለህ አትደናገጥ።

ጥያቄ፦ እሱም ሚስቱም ጠይም ናቸው፣ ልጃቸው ቀይ ሆኖ ተወለደ። ዘመድ አዝማድ እየሳቀ «ይሄ ደሞ ከማን ወጣ?» ይላል፣ እሱም ማሰብ ጀምሯል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘመድ እየሳቀ የሚጥላት ነገር ትዳር ታፈርሳለችና ቶሎ ልመልስልህ። የቆዳ ቀለም በአንድ ጂን አይወሰንም፣ ብዙ ጂኖች ናቸው ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡት። አንተም ሚስትህም የሚያቀላውን ድርሻ ሳይታይባችሁ ልትይዙ ትችላላችሁ፣ ከሁለታችሁም እሱ ከደረሰው ልጁ ከሁለታችሁም ቀልቶ ይወለዳል፣ ታናሹ ደግሞ ሌላው ደርሶት ይጠቁራል። በ2017 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲዋ ሳራ ቲሽኮፍ ከባልደረቦቿ ጋር ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ከ2 ሺህ በላይ ሰዎችን የቆዳ ቀለም ለክተው ነበር፣ ያገኙት ነገር የሚያቀላውም የሚያጠቁረውም ጂን አፍሪካ ውስጥ ከብዙ መቶ ሺህ ዓመት ጀምሮ አብሮ መኖሩን ነው። አውሮፓውያን ላይ የተለመደው አንደኛው የሚያቀላ ጂን እኛም አገር በብዛት አለ። በአንድ ቤት ልጆች መሀል ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን የምንጠራራ ሰዎች ነን እኮ፣ ምኑ ነው አዲስ የሆነባቸው? ደሞ አራስ ሲወለድ ቀላ ብሎ በወራት ውስጥ መጥቆሩ የተለመደ ነው። ሚስትህን አመስግናት፣ አርሳልሃለች።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ የምትኖር እናት ናት። የ3 ዓመት ልጇ ክርኑ እጥፋትና ከጉልበቱ ኋላ ችፌ ይዞት ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ፊላግሪን የሚባል ጂን ከፍለሽ አስመርምሪ ብለዋታል።

መልስ፦ ገንዘብሽን ያዢ። ፊላግሪን የቆዳን የላይኛ ሽፋን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፣ ጂኑ የተበላሸበት ሰው ቆዳው ውሃ ያፈሳል፣ የውጭውን ነገር ሁሉ ያስገባል። በ2006 ስኮትላንድ ዳንዲ ያሉ ተመራማሪዎች ከችፌ ጋር ሲያገናኙት ትልቅ ዜና ነበር፣ አውሮፓ ውስጥ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ የተበላሸውን ይዟል። ኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ሲፈለግ ግን እነዚያ አውሮፓ ውስጥ የታወቁት ብልሽቶች አልተገኙም፣ አንድ አዲስ ዓይነት ብቻ ነው የታየው። ስለዚህ ለነጭ ልጅ ተብሎ የተዘጋጀ ምርመራ «ነፃ ነው» ቢልሽ ስለ ልጅሽ ምንም አልነገረሽም። የእኛ ልጆች ችፌ በየትኛው ጂን እንደሚመጣ በቂ ጥናት አለመሠራቱ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

አሁን የሚጠቅምሽ ይሄ ነው፦ ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ ስታፍ የሚባል ባክቴሪያ ይሰፍራል፣ ልጁ ባከከ ቁጥር ይበዛል፣ በበዛ ቁጥር ደሞ ያሳክካል። ለብ ባለ ውሃ አጭር ሻወር፣ ቆዳው ሳይደርቅ ወዲያው ወፈር ያለ ቫዝሊን፣ ጥፍሩን ማሳጠር። ቢጫ ቅርፊት ከሠራ ወይም ካዠ ለሐኪም አሳዪው። እዛ ያሉ ብዙ ሐኪሞች የለመዱት ቀይ ቀይ የሚለውን ነው፣ የልጅሽ ቆዳ ላይ ግን ቁጣው ግራጫ ወይ ወይንጠጅ መስሎ ነው የሚታየው፣ «ቀላል ነው» ብለው እንዳይመልሱሽ አፍ አውጥተሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፣ እጃቸው ላይ ነጫጭ ነገር ከወጣ ወዲህ ባልደረቦቻቸው የቡና ስኒያቸውን ለዩባቸው። «ለምጥ ይጋባል እንዴ?»

መልስ፦ አይጋባም ጋሼ። በጭራሽ። ለምጥ የራሳችን የሰውነት መከላከያ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች በስህተት ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። የዘር ድርሻ አለው ግን ብቻውን አይወስንም፣ ፍፁም ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንዱን ሲይዘው ሌላውንም የሚይዘው ከ4 አንዱ ላይ ባልሞላ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው «ለምጽ» እና ሥጋ ደዌ በሰው አእምሮ ተደበላልቀዋል። ሥጋ ደዌም ቢሆን ታሪኩ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ኖርዌይ በርገን ውስጥ ዳንኤልሰን የሚባለው የዘመኑ ትልቅ ሊቅ በሽታው በዘር ይወረሳል ይል ነበር፣ የልጁ ባል ሀንሰን ግን በ1873 ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ አየው። አማች አማቱን ረታ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ባክቴሪያው ቢገባባቸውም 95 በመቶ የሚሆኑ ሰዎች እንደማይታመሙ፣ ማን እንደሚታመም በመወሰን ረገድ ጂን ድርሻ እንዳለው ታወቀ። ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ነፃ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ደሞ ቶሎ ማስተላለፍ ያቆማል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነው የምለምንዎት፦ ነጩን ቦታ በጥጥ ይንኩት። ለምጥ ከሆነ ስሜቱ እንዳለ ነው። ከደነዘዘ፣ መርፌ ቢወጋዎት የማይሰማዎ ከሆነ ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ አለርት ሆስፒታል አለ። ነርቭ ከተጎዳ በኋላ መመለስ ከባድ ነው። የስኒውን ነገር ደሞ ይሄን ፅሑፍ ለባልደረቦችዎ ያንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ አልማዝ ባለጭራ ግንባሯ ላይ ወጥቶ ወደ ዓይኗ እየወረደ ነው፣ ቤት ውስጥ ምን ልቀባ?

መልስ፦ ምንም እንዳትቀቢ፣ ዛሬ ሐኪም ጋ ሂጂ! ልጅ እያለሽ የያዘሽ የጉድፍ ቫይረስ ነው የተቀሰቀሰው፣ መድኃኒቱ በ3 ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው፣ ዓይን ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

ጥያቄ፦ የምትወደው ልጅ እናት እግራቸው ያበጠ ነው፣ ዝሆኔ። ሽማግሌ ሊልክ ሲል አባቷ «ዘራቸው ነው፣ የልጅ ልጆቼ ላይ ይወጣል» ብለው አልቀበልም አሉ። «እውነት ነው ወይ?» ትላለች።

መልስ፦ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ጎጃም ነው ያደገችው፣ እግሯ ያበጠ ነበር፣ ሠርግ ላይ ሁሌ ከበሩ ኋላ ነበር የምትቀመጠው፣ ቀሚሷን እግሯ ላይ እየጎተተች። ሰዉ መተት ረግጣ ነው ይላል፣ አንዳንዱ እርግማን ነው ይላል። እሷም ይሄንኑ እንዳመነች ነው የሞተችው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

የደጋው ዝሆኔ የሚመጣው ከአፈር ነው። እሳተ ገሞራ የተወው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ በጣም ደቃቅ ብናኞች በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጡ በቆዳው ይገባሉ፣ እግር ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቱቦዎች እያስቆጡ ይዘጓቸዋል፣ እግሩ ያብጣል። ትልም የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ነው አፈሩን ተጠያቂ ያደረገው። በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች 4ቱ ላይ ተገኝቷል፣ ስንት ሰው ከበር ኋላ እንደተቀመጠ አስቢው።

አሁን ወደ አባትሽ። በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ ለምን አንዱ አብጦ ሌላው ይቀራል? እዚህ ላይ ዘር አለበት፣ አልዋሽሽም። የታማሚ እህትና ወንድም ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ይጋለጣሉ። በ2012 ፋሲል ተኮላ ከባልደረቦቹ ጋር ወላይታ ውስጥ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን የሰውነት መከላከያን የሚመራ የጂን ሠፈር ላይ አገኘው። አንዳንዱ ሰው ያንን ብናኝ ሰውነቱ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ይዋጋዋል፣ በውጊያው የሚጎዳው የራሱ እግር ነው። እንግዲህ የሚወረሰው ለአፈሩ መቆጣት ነው፣ እብጠቱ አይወረስም። አፈሩ ካልነካው ያ ጂን ብቻውን እግር አያሳብጥም። የወደፊት ልጆችሽ ያንን ጂን ቢወስዱ እንኳ ከመራመዳቸው ጀምሮ ጫማ ካደረጉና እግራቸው ከታጠበ ዝሆኔ አይነካቸውም። አባትሽ ከዚህ ቤተሰብ የሚፈሩት ነገር በአንድ ጥንድ ጫማ የሚቆም ነው፣ ለዚህ ሲሉ ልጃቸውን ሊያስለቅሱ አይገባም።

የልጁን እናት ደሞ አትርሻቸው። ያበጠ እግር ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁና በጣቶች መሀል ባክቴሪያ ይገባል፣ ያኔ ነው ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርዱ፣ ቀናት የሚያስተኛው ሕመም የሚመጣው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2018 የወጣ ጥናት እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ብቻ ሕመሙ የሚነሳበትን ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰው አሳይቷል። ከታጠቡ በኋላ በጣቶቻቸው መሀል በደንብ ያድርቁ፣ ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ። ጤና ጣቢያ ይዘሻቸው ሂጂ፣ አብረሽ ሂጂ፣ እቤት ስትመለሱም አንድ ቀን እግራቸውን አንቺ እጠቢላቸው፣ አባትሽም ይስሙት።

ጥያቄ፦ የብብት ሽታ በሎሚ ይጠፋል?

መልስ፦ ላብ ብቻውን አይሸትም፣ ባክቴሪያ ሲበላው ነው፣ ሎሚው አሲድ ስለሆነ ለጊዜው ይቀንሰዋል፤ ከተላጨሽ በኋላ ግን አትቀቢው፣ ያቃጥላል።