መልስ፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ቤትህ ባለው ዴስክቶፕ ላይ ዊንዶውስንና ኡቡንቱን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ነው) ለመጫን የትኛው ይቅደም ብለሃል። ዊንዶውስ ይቅደም። ኋላ ከመጣ የማስነሻውን ተራ ለራሱ ይወስድና ኡቡንቱ የጠፋ ይመስልሃል።

መጀመሪያ ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) እየተቀነሰ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ዳታህ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ከሌለህ ተዋስ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲስክ ማኔጅመንት (የዲስክ ማስተካከያው) ገብተህ ዊንዶውስ ካለበት ክፍል፣ ከሲ ላይ፣ ለኡቡንቱ 50 ጊጋባይት ያህል ቀንስ። ኡቡንቱ 25 ይበቃኛል ይላል፤ እኔ ግን ይጠብሃል ባይ ነኝ። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ፈጣን አነሳስ አጥፋ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፍ።

ስትጭን ዲስኩን በሙሉ አጥፋ የሚለውን እንዳትነካ! ከዊንዶውስ ጎን ጫን የሚለውን ምረጥ።

ደግሞ ከኡቡንቱ ወጥተህ ዊንዶውስ ስትከፍት ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ብታገኘው አትደንግጥ። የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ አልሞተም። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይይዛል፤ ዊንዶውስ ግን እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል። እኛ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ኡቡንቱ ላይ በአንዲት ትዕዛዝ ይስተካከላል።