«እግዚአብሔር ያሳድጋቸዋል» ብሎ ኑዛዜን መተው ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ነኝ። ድንገት ሁለታችንም ብንጠራ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ በኑዛዜ እንጻፍ ብዬ ለባለቤቴ ባነሣበት ተቆጣ። «ሟርት ነው፤ ለልጆቹ እግዚአብሔር አለላቸው» አለኝ። የክርስትና አባትና እናታቸው ይበቃሉም ይላል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ታላቅ እኅቴን ትቼ ሌላ ሰው ብጽፍ ደግሞ ትቀየመኛለች። እንዲህ ማሰቤ እምነት ማጣት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እምነት ማጣት አይደለም። ይልቅስ እናትነትሽን በደንብ እየተወጣሽ ነው።

ባለቤትሽ የተናገረውን ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ። ክፉ አስበው የሚሉት አይደለም። ልጆቻቸው ያለ እነሱ ሲቀሩ ማሰብ ስለሚከብዳቸው ነው። ይገባኛል። ነገር ግን ፍርሃታችንን እምነት ብለን አንጥራው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ «ቤትህን አስተካክል» አለው (ኢሳ. 38፥1)። ከራሱ አይደለም፤ እግዚአብሔር ልኮት ነው። ቤትን ማስተካከል ሟርት ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ያዝዝ ነበር? ደግሞም ሕዝቅያስ ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ተጨምሮለት ኖሯል።

«እግዚአብሔር ያሳድጋቸዋል» የሚለው ቃል እውነት ነው። እርሱ የድሀ አደጎች አባት ነው (መዝ. 67፥5)። ስሕተቱ ያለው «ስለዚህ እኔ ምንም አላድርግ» የሚለው ላይ ነው። እስቲ እግዚአብሔር ወላጅ የሌለውን ልጅ እንዴት እንዳሳደገ እንይ። የይሁዳ ንጉሥ የአካዝያስ እናት ጎቶልያ የንጉሡን ዘር ሁሉ ስታጠፋ ሕፃኑን ኢዮአስን ያተረፈው እግዚአብሔር ነው። ያተረፈው ግን በአክስቱ በዮሳቤት እጅ ነው። ከሚገደሉት መካከል ከነሞግዚቱ ሰርቃ ወሰደችው፤ 6 ዓመት በእግዚአብሔር ቤት ተሸሽጎ አደገ። በ7 ዓመቱ ሲነግሥም ካህኑ ዮዳሄ ከጎኑ ነበር። ዮዳሄ ባስተማረው ዘመን ሁሉ ቅን ነገር አደረገ ይላል መጽሐፉ (2ኛ ነገ. 12፥2)።

የሕዝቅያስን ልጅ የምናሴን ታሪክ ደግሞ አንብቢ። አባቱ ሲሞት የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን እንደመከረው፣ ማን እንደገሠጸው አልተጻፈም። የተጻፈው አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መስገጃ መልሶ መሥራቱ ነው። ሕዝቅያስን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሣው። ግን የደግ አባት ልጅ መሆን ብቻውን ልጅን እንደማያቆመው ሳነብ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን በመስቀል ላይ ያደረገውን አስቢ። መላእክት የሚያገለግሉት ጌታ ነው። «አባቴ ይጠብቃታል» ብሎ እናቱን ዝም ብሎ ሊተዋት ይችል ነበር። ግን በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ በአጠገቡ የቆመውን ደቀ መዝሙር «እናትህ እነኋት» አለው። ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ. 19፥27)። በዮሐንስ በኩል እኛም ሁላችን ለእርሷ ልጆች ሆነን እንደተሰጠን ታውቂያለሽ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። ለጥያቄሽ የሚበቃሽ ይህ ነው፦ አደራው የተሰጠው ለአንድ ለታወቀ ሰው ነው፣ የምታርፍበት ቤትም ታውቋል። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ኑዛዜና ስለ ሞግዚት፣ ማለትም ስለ ልጅ አሳዳጊ፣ የየራሱ አንቀጽ ያለው በከንቱ አይደለም።

የክርስትና አባትና እናት ኃላፊነታቸው በእግዚአብሔር ፊት ከባድ ነው። ልጁን በሃይማኖት ኮትኩተው ሊያሳድጉ ቃል ገብተዋል። ይህ ግን በራሱ የሕግ አሳዳጊ አያደርጋቸውም። ዳኛ የሚያየው በአግባቡ የተጻፈ ኑዛዜ ነው። ለንስሐ አባት በቃል ተናግሮ መተውም ያው ነው፤ ምክር ያገኙበታል እንጂ ኑዛዜ አይሆንም። የክርስትና እናታቸው ለዚህ ትበቃለች ካላችሁ መልካም፣ ጠይቋትና ስሟን ጻፉ።

ሳይጻፍ ሲቀር የሚሆነውን በሐዘን ቤት አይቻለሁ። ትልልቆቹ ሳሎን ተቀምጠው «ትልቁን እኛ እንውሰድ፣ ትንሿ ከእናንተ ጋር ትሁን» ይባባላሉ። ልጆቹ በሩ ሥር ቆመው ይሰማሉ። ትንሿ የወንድሟን እጅ አጥብቃ ይዛለች። ሳሎን ካሉት አንዳቸውም ክፉ አይደሉም፣ ሁሉም ይወዷቸዋል። ግን የወላጆቹን ፈቃድ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ እናት በሕይወት ሳለች «አይለያዩብኝ» ብላ አንድ መስመር ጽፋ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እሺ ይል ነበር።

ወደ እኅትሽ ልምጣ። ሞግዚትነት ለዘመድ የሚሰጥ ክብር አይደለም። ሸክም ነው፤ ለዓመታት የሚሸከሙት። ስለዚህ «ማን ይቀየመኛል?» ብለሽ አትጀምሪ፤ «ልጆቼ ከማን ጋር ቢሆኑ ይሻላቸዋል?» ብለሽ ጀምሪ። መርዶክዮስ እንደ ልጁ ያሳደጋት አስቴር ወደ ቤተ መንግሥት ከተወሰደች በኋላ እንኳ ደኅንነቷን ለማወቅ በየቀኑ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት ይመላለስ ነበር (አስ. 2፥11)። እንዲህ ያለ ሰው ፈልጊ። ልጆቹን ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚያደርስ ነው? ትዕግሥት አለው? ዕድሜውና ጤናው ይፈቅድለታል? ሁለቱን አንድ ላይ ማሳደግ ይችላል? እኅትሽ ይህን የምታሟላ ከሆነች እሰየው። ካልሆነች ግን አንቺው ራስሽ፣ ዛሬ፣ ፊት ለፊት ንገሪያት። ኋላ ከወረቀት ላይ ብትሰማው ነው የምትጎዳው።

የመረጣችሁትን ሰው ሳትጠይቁ አትጻፉ። «አልችልም» ካለ አትቀየሙት፣ እውነቱን ስለነገራችሁ አመስግኑት። እሱ ባይኖር የሚተካ ሁለተኛ ስም ይጨመር። ገንዘብና ንብረት የሚይዘው ሌላ ሰው ቢሆን ደግሞ ነውር የለበትም። ሐዋርያው ሕፃን ወራሽ ከጠባቂዎችም ከመጋቢዎችም በታች እንደሚሆን ይናገራል (ገላ. 4፥2)። ልጅ በማሳደግ የተመሰገነ ሰው ሒሳብ ላይሆንለት ይችላል። የምስክሩን፣ የፊርማውንና የቀኑን ነገር የየአገሩ ሕግ ስለሚለያየው የሕግ ዐዋቂ ይየው። በዚህ አትስነፉ፤ በአንዲት የፊርማ ጉድለት ኑዛዜ ይፈርሳል። ያን ሰው ለምን እንደመረጣችሁትም ጻፉ፤ ዳኛው የልጆቹን ጥቅም ሲመዝን ይረዳዋል።

ባለቤትሽን አትጨቅጭቂው። ንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩና ሦስታችሁ ተነጋገሩ። ስለ ሞትም ስለ ኑዛዜም ከማንሣትሽ በፊት ልጆቹ እንዴት እንዲያድጉ እንደሚመኝ ጠይቂው፦ ምን እንዲማሩ፣ እንዴት እንዲቀጡ፣ በዓልን ከማን ጋር እንዲያሳልፉ። እሱን ሲያወራ የሰውየውን ስም ራሱ ይጠራልሻል።