ተመርጧል፤ ታዲያ ለምን አይጫወትም?

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ካናዳ ተወልዶ ያደገ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው። ባለፈው ዓመት፣ በ18 ዓመቱ፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ ክለብ መረጠው ሲባል ቡና አፍልተን ዱዓ አደረግንለት። እስካሁን ግን በቴሌቪዥን አላየነውም። ጎረቤት «ተባረረ» እያለ ነው። ምን ልበል? (አክስቱ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አልተባረረም፣ እህቴ። በዓመታዊው ምርጫ 32ቱ ክለቦች በ7 ዙር ከ200 በላይ ወጣቶችን ይመርጣሉ። መመረጥ ማለት ክለቡ ልጁን የማስፈረም መብት ያዘ ማለት እንጂ ሥራ ሰጠው ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ወደ ወጣቶች ሊግ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይመለሳሉ። በዚህ ዕድሜ የሚፈረመው የመጀመሪያው ውል የ3 ዓመት ነው፤ ከፈረሙም በኋላ ብዙዎቹ አንድ እርከን ዝቅ ባለው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ ይሰነብታሉ። ደመወዙም እንደሚጫወትበት ሊግ ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት ከትልቁ ክለብ ተደውሎለት ማታ ሌላ ከተማ ሊሰለፍ ይችላል።

ሲሰለፍም ዓይንዎን አይንቀሉ! ተጫዋች በአንድ ተራ በረዶው ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ ትንፋሹ ሲቆራረጥ አጥሩን ዘሎ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። ለጀማሪ የሚደርሰው ተራ ደግሞ ጥቂት ነው። የሚጫወትበትን ቦታ አልጻፉልኝም እንጂ፣ ግብ ጠባቂ ከሆነ ትልቁ ሊግ ለመድረስ ከሌሎቹም ይበልጥ ይዘገያል፤ ለጎረቤትዎ ይህንንም ይንገሩልኝ።