መጋዘኑን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ መርከብ ላይ ልትወጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ፤ ሁሌ የምትጠይቁኝ ስለ ደሞዝና ስለ ማዕበል ነው። ሞተር ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት፣ ሁለቱንም እመልሳለሁ። ዛሬ ግን ስለ አርክቲክ መርከበኞች ላውጋችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1941 ጀምሮ፣ ጀርመንን የሚወጉት የአጋር አገሮች የንግድ መርከቦች ታንክ፣ አውሮፕላንና ምግብ ጭነው ወደ ሰሜን ሩሲያ ወደቦች፣ ወደ ሙርማንስክና አርካንግልስክ ይመላለሱ ነበር። መርከበኞቹ ወታደር አይደሉም፤ እንደኛው ደሞዝተኞች ናቸው። ደሞዝ ካልን፣ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት የእንግሊዝ መርከበኛ መርከቡ የሰመጠች ቀን ደሞዙም ይቆም ነበር። ነፍስ አድን ጀልባ ላይ እየቀዘፈ ሥራ ፈት ተባለ ማለት ነው!

ቅዝቃዜው ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። ከፊት የሚረጨው ውሃ ገመዱም ክሬኑም ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ዝም ከተባለ መርከቧ ከላይ ከብዳ ትገለበጣለች። ስለዚህ በመጥረቢያና በመዶሻ ሲሰብሩ ያድራሉ። ጨረስን ሲሉ የጀመሩበት እንደገና ነጭ ሆኗል።

በጁን 1942 መጨረሻ 35 የንግድ መርከቦች በጦር መርከቦች ታጅበው ከአይስላንድ ተነሱ። ጁላይ 4 ቀን ከለንደን «ተበተኑ» የሚል ትእዛዝ መጣ። የተፈራችው ቲርፒትዝ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ ነበረች። እሷ አንዲት ጥይት አልተኮሰችባቸውም። አጃቢ ያጡትን ግን አውሮፕላንና ባሕር ሰርጓጅ ለቀማቸው፤ በጠቅላላው ከ35ቱ 24ቱ ሰመጡ።

ከአጃቢዎቹ መካከል ሊዮ ግራድዌል የሚባል መኮንን ነበር፤ የሰላም ጊዜ ሥራው ጥብቅና ነው። አይርሻየር የተባለች፣ ለጦርነት የታጠቀች የዓሣ ማስገሪያ መርከብ ያዛል። ሦስት የጭነት መርከቦችን አስከትሎ በረዶው መሃል ገባ። ከመርከቦቹ በአንዷ ላይ ነጭ ቀለም ተገኘ። ጎናቸውን ቀቡት፣ ቀለም ያልደረሰበትን ነጭ ጨርቅና አንሶላ አለበሱት። ለሩሲያ የተጫኑትን ታንኮች መድፋቸውን ጥይት አጉርሰው ወደ ውጭ አዞሩ። አውሮፕላኖቹ ሳያዩዋቸው ቀሩ፤ አራቱም አርካንግልስክ ገቡ።

እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ቀይ ባሕር ላይ ፓምፓችን ማፍሰስ ጀመረ። መዝገቡ ላይ «ጋስኬት፣ 6» ይላል፤ ጋስኬት ማለት መገጣጠሚያው እንዳያፈስ መሃል የሚገባው ማሸጊያ ነው። መጋዘን ስወርድ ባዶ ሣጥን! ፈርሜ የተረከብኩት እኔው ነኝ፤ ከፍቼ ሳላይ። ከአሮጌ ጎማ ቆርጠን ሠራን። ሌሊቱን ሙሉ ዋና መሐንዲሱ ቀና ብሎ አላየኝም።

እና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ካቢናችሁን ሳታስተካክሉ በፊት፣ ባትሪ ይዛችሁ ውረዱ። ሣጥኑን ክፈቱት። ቀለሙንም፣ አንሶላውንም ቁጠሩ።